የሚቀጥለውን ዓመት የልጅ ልብስ በዘንድሮ ቅናሽ መግዛት

በጃንዋሪ መጨረሻ የልጆች ልብስ ቤት ግቡ። ውጭ በረዶ ነው፤ በሩ አጠገብ ግን ቁምጣና የዋና ልብስ ተሰቅሏል። ወፍራሙ ካፖርት ወደ ኋላ ግድግዳ ተገፍቷል። ቀይ ስቲከር ተለጥፎበት በኦክቶበር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል። ካፖርቱ ምንም አልሆነም፣ ሱቁ ቦታውን ለጸደይ ልብስ ስለሚፈልገው ብቻ ነው። ብርዱ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፣ ለሱቁ ግን ዊንተር አልቋል።

ትልቅ ሰው ከሆናችሁ ይሄ ቀላል ነው። ዛሬ ገዝታችሁ ለከርሞ ትሰቅሉታላችሁ። ልጅ ግን ከርሞ ዛሬ የምታውቁት ልጅ አይደለም፤ እጁ ይረዝማል፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እናንተ ከጠበቃችሁት በታች ያድግና ካፖርቱ ሁለተኛ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ይከርማል። ብዙ ሰው በቅናሽ የገዛውን ልብስ አንድም ቀን ሳያስለብስ ለሌላ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ርካሽ ነው ብሎ የገዛው ልብስ ያልተለበሰ ከሆነ ደግሞ ካወጣው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አላተረፈም።

የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ በተለይ ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ልጅ ለምታሳድጉ ነው። ኪራዩ ከባድ ነው፣ የልጅ መዋያው ክፍያ ከኪራዩ የማይተናነስበት ቤት አለ፣ ልብስ ደግሞ በየስድስት ወሩ ይጠባል። አስቀድሞ መግዛት በደንብ ከተያዘ የልጅን የልብስ ወጪ በብዙ ያወርዳል። በደንብ መያዝ ማለት ደግሞ ስቲከሩን ከማየት በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ይሄ ልብስ የሚለበስበት ወር ሲደርስ ልጄ ስንት ይሆናል?

መጀመሪያ ሂሳቡ

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ወደ 25 ሴንቲሜትር ይረዝማል። በሁለተኛው ዓመት ወደ 12 ሴንቲሜትር ይቀንሳል። ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ጉርምስና ደጃፍ ድረስ ብዙ ልጆች በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ያድጋሉ። የአሜሪካ የልጆች ልብስ ደግሞ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት በግምት ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ጊዜ ደንቡ አጭር ነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚለበስ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ይሄ ዕድሜ አስቀድሞ ለመግዛት ወርቃማው ጊዜ ነው፤ እድገቱ አይዘልባችሁም፣ ልጁም ስለ ልብሱ ገና ብዙ አይከራከርም።

ከሁለት ዓመት በታች ግን በዕድሜው አትመሩ፣ በወሩ ቁጠሩ። ልጁ ሜይ ላይ ተወለደ እንበል። በጃንዋሪው ቅናሽ ጊዜ 8 ወሩ ነው። ካፖርቱን የሚለብሰው በሚቀጥለው ዲሴምበር፣ 1 ዓመት ከ7 ወር ሲሆነው ነው። ማርች ላይም ይለብሰዋል፣ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ይቀረዋል። ስለዚህ የሚገዛለት የ24 ወር ወይም 2ቲ (የ2 ዓመት ሕፃን ቁጥር) ነው። አሁን የለበሰው የ9 ወር ወይም የ12 ወር ስለሆነ 2ቲውን ስታነሱት በጣም ትልቅ መስሎ ይታያችኋል፣ እጃችሁም ወደ 18 ወሩ ይሄዳል። አትስሙት። ኖቬምበር ላይ የተወለደች ልጅ ደግሞ በዚያው ጃንዋሪ ገና ሁለት ወሯ ነው፤ በሚቀጥለው ዲሴምበር 13 ወር፣ በማርች 16 ወር ይሆናታል። ለሷ የ18 ወር ይበቃል። እነዚህ ሁለት ልጆች በአንድ ዓመት ተወልደው፣ እናቶቻቸው በአንድ ቀን እዚያው መደርደሪያ ፊት ቆመው የሚገዙት ቁጥር የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ የምመክረው የወቅቱን መጀመሪያ ሳይሆን መሐሉን አስባችሁ እንድትቆጥሩ ነው። ለካፖርት ፌብሩዋሪን፣ ለቁምጣና ለቲሸርት ጁላይን ያዙ። በመጀመሪያው ወር ትንሽ ሰፋ ቢል እጅጌው ይታጠፋል። በመጨረሻው ወር ከጠበበ ግን ሌላ ልትገዙ ነው፣ ያውም በሙሉ ዋጋ።

ሌላው ነገር፣ ልብሱ ላይ የተጻፈው ወርና ዓመት በየሱቁ አንድ አይደለም። ካርተርስ 12 ወር ብሎ የሚጽፈው ከ9 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ ነው፣ ማለትም የተጻፈው ቁጥር መጨረሻው ነው። ኦልድ ኔቪና ጋፕ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር እያሉ ክልሉን ይጽፋሉ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የገዛ ሰው የግማሽ ዓመት ስህተት ውስጥ ይገባል። ከዕድሜ ይልቅ ቁመትና ክብደት የማይዋሸው ለዚህ ነው። ልጁ ለመደበኛ ምርመራ ሐኪም ጋ ሲሄድ ይለካል፤ ወረቀቱን አትጣሉት፣ ቁመቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሁሉም ትልልቅ ሱቆች ድረ ገጻቸው ላይ የቁጥር ሰንጠረዥ አላቸው። የልጃችሁን ቁመት ይዛችሁ፣ እስከሚለበስበት ወር ያለውን እድገት ደምራችሁ ሰንጠረዡ ላይ ፈልጉት። በቃ፣ ግምት አበቃ።

ቲ ያለባቸውን ቁጥሮችም ለዩ። 3ቲ፣ 4ቲ፣ 5ቲ የሚሉት ለዳይፐር ቦታ ተጨምሮላቸው የተቆረጡ ናቸው። ቲ የሌለው 4 እና 5 ቀጠን ብሎ ረዘም ይላል። ዘንድሮ ዳይፐር የተወ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት ሱሪ ሲገዛለት ወደ ቲ የሌለው ክፍል መሻገር አለበት፤ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱቁ ውስጥ የሚሰቀሉት በተለያየ ቦታ ነው።

መቼ ምን ይረክሳል

የዊንተር ልብስ ከገና ማግስት ጀምሮ መውረድ ይጀምራል። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ የመጨረሻው ዋጋ ላይ ይደርሳል። የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚከበርበት የፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሰኞ አካባቢ ቅናሽ በቅናሽ ላይ የሚደረብበት ሳምንት ነው። ከዚያ በላይ ከጠበቃችሁ ዋጋው ትንሽ ይወርድ ይሆናል፣ ግን የቀሩት ቁጥሮች ወይ የጨቅላ ወይ የ14 ዓመት ልጅ ይሆናሉ። መሐለኛዎቹ ቁጥሮች፣ ከ3ቲ እስከ 7 ያሉት፣ ቀድመው ያልቃሉ። ስለዚህ ካፖርትና የበረዶ ሱሪ ከሆነ የምትፈልጉት ሃምሳ በመቶ ሲደርስ ያዙት። ቲሸርትና ሌጊንግ ከሆነ ሰባ በመቶ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ቢያመልጣችሁም ሌላ አለ።

የሰመር ልብስ ከጁላይ አራት በኋላ ይጀምራል፣ ኦገስት ላይ ይረግፋል። እዚህ ጋ ሜሪላንድ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በየዓመቱ ከኦገስት ሁለተኛ እሁድ እስከ ቅዳሜ ባለው ሳምንት ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በታች በሆኑ ልብሶችና ጫማዎች ላይ የስቴቱ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ አይከፈልም። መቶ ዶላሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ነው እንጂ ለጠቅላላው ደረሰኝ አይደለም። ከደብተር ቦርሳም ላይ የመጀመሪያው 40 ዶላር ነፃ ነው። ሳምንቱ የተሰጠው ለትምህርት መክፈቻ ቢሆንም የሰመር ክሊራንስ፣ ማለትም የወቅት ማብቂያ ቅናሽ፣ የመጨረሻው ዋጋ ላይ የሚደርስበት ሳምንትም እሱ ነው፤ የሁለት ልጆችን የሚቀጥለውን ሰመር የምትገዙ ከሆነ ቀኑን ጠብቁት። ፔንሲልቬኒያ ወይም ኒው ጀርሲ ዘመድ የምትጠይቁ ሰዎች ደግሞ እዚያ ልብስ ላይ ዓመቱን ሙሉ ታክስ የለም። ለዚህ ብላችሁ ብቻ ግን አትንዱ፣ ቤንዚኑ ይበላዋል።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚረክሰው ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ካኪ ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ማንም አይፈልገውም። ዩኒፎርም የሚያስለብስ ትምህርት ቤት ላሉ ልጆች ይሄ ከሁሉም የተሻለ ግዢ ነው፣ ምክንያቱም ቀለሙ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው፣ ፋሽን የለውም፣ እንደሚለበስም እርግጠኛ ናችሁ።

የኛ በዓል ከነሱ ኋላ ሲመጣ

ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ዲሴምበር 26 ላይ የገና ቀሚሱ፣ ቬልቬቱ፣ የወንዶቹ ሰደርያና ክራቫት ሁሉ በአንድ ሌሊት ግማሽ ዋጋ ይገባል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። አሥራ ሁለት ቀን አላችሁ። እዚህ ላይ የእድገት ሂሳብ የለም፣ ልጁን ይዛችሁት ሄዳችሁ ለክታችሁ ትገዛላችሁ። ባለ ሳንታ ሹራቡን ተዉትና ቀይ ወይም አረንጓዴ የሆነውን፣ ምንም ያልተጻፈበትን ምረጡ፤ ለጥምቀትም ለልደትም ይሆናል።

ፋሲካም እንደዚያው ነው፣ ግን በየዓመቱ ይለያያል። በ2024 የነሱ ማርች 31 ሆኖ የኛ ሜይ 5 ነበር፣ ከአንድ ወር በላይ ልዩነት። በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ገጠሙ፣ ያ ዓመት ለዚህ አይሆንም። በ2026 አንድ ሳምንት ነው ያለው፣ ኤፕሪል 5 እና 12። በ2027 ደግሞ የነሱ ማርች 28፣ የኛ ሜይ 2 ነው። የዓመቱን ቀን አስቀድማችሁ ካያችሁ የፋሲካ ቀሚስና ሱፍ በሙሉ ዋጋ የምትገዙበት ምክንያት የለም። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ኦገስት መጨረሻ ላይ ቢጫ የሰመር ቀሚስ ክሊራንስ ውስጥ አይጠፋም።

የሐበሻ ልብስ በቅናሽ ላይ አይገኝም፣ ግን አስቀድሞ የማሰብ ዘዴው ለሱም ይሠራል። አገር ቤት የምታሰፉ ከሆነ ለሰፊው የልጅቷን ቁመት በሴንቲሜትር ስጡትና ቀሚሱን ወደ 10 ሴንቲሜትር አስረዝሞ፣ ትርፉን ከጥለቱ በላይ በውስጥ በኩል አጥፎ በእጅ ስፌት እንዲይዘው ንገሩት። ከጎንም ትንሽ ትርፍ ጨርቅ ይተው። በሚቀጥለው ዓመት ክሩን ፈታችሁ ትለቁታላችሁ፣ ጥለቱም ከቦታው አይነካም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፣ ግን አንድ ቀሚስ ሁለትና ሦስት ጥምቀት ቢያደርስ ማንም አይጠላም። ይሄንኑ የአገራችን ሰፊዎች የሚያውቁትን ዘዴ ኮሎምቢያ የሚባለው የልብስ ድርጅትም በብዙ የልጆች ካፖርቱ ላይ ይጠቀምበታል። እጅጌው ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አለ፣ ልጁ ሲረዝም ክሩን ቆርጣችሁ ትለቁታላችሁ። ክሊራንስ ላይ እንደዚህ ያለ ካፖርት ካገኛችሁ አትለፉት።

ምን ይገዛል፣ ምን ይተዋል

ስህተት የሚችል ልብስ አለ፣ የማይችል አለ። ካፖርት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት፣ ቲሸርት፣ የበረዶ ሱሪ ባለ ማንገቻ፣ እነዚህ ቢሰፉም ይለበሳሉ። የሴት ልጅ ቀሚስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዘንድሮ ከጉልበት በታች፣ ከርሞ ከጉልበት በላይ፣ በሦስተኛው ዓመት ከሌጊንግ ጋር እንደ ሸሚዝ። ሱሪ ስትገዙ ወገቡን ገልብጣችሁ እዩት፤ በውስጥ በኩል ቀዳዳ ያለው ላስቲክና ትንሽ ቁልፍ ካለው ማጥበቅና ማስፋት ይቻላል፣ ለቀጭን ልጅ አንድ ቁጥር ከፍ ያለው ያለ ሐሳብ ይገዛል። ወገቡ ድርቅ ያለ ጂንስ ከሆነ ተዉት።

ካልሲ፣ ፓንትና ነጭ ውስጥ ልብስ ሁልጊዜ ግዙ። ይሄ አሰልቺ ግዢ ነው፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም፣ ግን በየወሩ ሳይታሰብ ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት እሱ ነው።

ጫማ አስቀድሞ አይገዛም። የልጅ እግር በእኩል አይሄድም፤ ለወራት ይቆምና ድንገት ይዘላል። የሰፋ ጫማ ያደናቅፋል፣ የጠበበ ጣት ያጣምማል። ትክክለኛው ከትልቁ ጣት ፊት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሚተርፍ ነው፣ እሱም የሚለካው ልጁ ቆሞ ነው። የበረዶ ቦቲ ብቻ ይለያል፣ በዓመት የሚለበሰው ጥቂት ቀን ስለሆነና ወፍራም ካልሲ ስለሚይዘው አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት ይቻላል። የዋና ልብስም አልመክርም። ሲሰፋ ውሃ ውስጥ ይወልቃል፣ ላስቲኩም ሳይለበስ ያረጃል።

ፒጃማ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከ9 ወር በላይ እስከ 14 ቁጥር ያለ የልጅ የሌሊት ልብስ ወይ እሳት የማይዘው ጨርቅ መሆን አለበት ወይ ደግሞ ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል። ጥጥ ፒጃማ ሲገዛ ላዩ ላይ ጥብቅ ብሎ መለበስ አለበት የሚል ቢጫ ወረቀት የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው። ሰፊ ጥጥ አየር ስለሚይዝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በክሊራንስ ከፍ ያለ ቁጥር ፒጃማ መግዛት ችግር የለውም፣ ግን ልኩ እስኪደርስ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። በተለይ ሻማ፣ ከሰልና ዕጣን የማይጠፋበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

ካፖርትም እንዲሁ አንድ ጥንቃቄ አለው። ወፍራም ካፖርት ለብሶ ካርሲት ላይ የታሰረ ልጅ በትክክል አልታሰረም። በግጭት ጊዜ ካፖርቱ ውስጥ ያለው አየር ይወጣና ቀበቶው ይላላል። ለማደጊያ ተብሎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ልጁን በሹራብ እሰሩትና ካፖርቱን ከላይ ገልብጣችሁ እጁን አስገቡለት፣ ወይም ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት። ያገለገለ ልብስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የኮፍያውን ጫፍ እዩ፤ አንገት ጋ የሚጎተት ገመድ ያለበት የቆየ ጃኬት ካገኛችሁ ገመዱን መዛችሁ አውጡት። የመጫወቻ ሜዳ መንሸራተቻ ላይ ተጠላልፎ ልጅ ያነቀባቸው ጊዜያት ስላሉ አዲሶቹ የልጅ ጃኬቶች ላይ እንዳይኖር ተደርጓል።

ዳይኖሰር፣ ልዕልት፣ የፊልም ገጸ ባሕርይ ያለበት ልብስ ለከርሞ አትግዙ። ዘንድሮ ካለሱ የማይተኛ ልጅ ከርሞ አላየውም ይላል። ቀለሙ ብቻውን የሆነ፣ ምንም ያልተሳለበት ይሻላል። ወንድምና እህት ካሉ ደግሞ ሰማያዊም ግራጫም አረንጓዴም ሁለቱንም ያገለግላል፣ አንዱ ካፖርት ሁለት ልጅ ያሳድጋል።

ሱቅ ውስጥ

ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ። ዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚፈለገው ቁጥር፣ የልብሱ ዓይነትና ስንት እንደጎደለ ይጻፍ። አንድ ልጅ ለአንድ ወቅት ሰባት ከላይ የሚለበስ፣ አምስት ሱሪ ወይም ቁምጣ፣ ሁለት ሦስት ፒጃማ፣ አንድ ጃኬት ቢኖረው በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ለሚታጠብበት ቤት በቂ ነው። ከዚህ አስቀድማችሁ የምትገዙት ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ይሁን። ቀሪውን ስጦታና የዘመድ ልጅ የተወው ልብስ ይሞላዋል፣ ልጁም በራሱ ወቅት አንድ ሁለት የሚወደውን ቢመርጥ ደስ ይለዋል።

ስቲከሩ ላይ የተሰረዘውን ዋጋ አትመኑ። አንዳንድ የልጆች ልብስ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሃምሳ በመቶ ቅናሽ ላይ ነው፤ እዚያ ሙሉ ዋጋ የሚባለውን የሚከፍል ሰው የለም። ስለዚህ ከስንት ወረደ ብላችሁ አትጠይቁ። ለአንድ ቲሸርት፣ ለአንድ ሱሪ፣ ለአንድ ካፖርት ከዚህ በላይ አልከፍልም የምትሉት ዋጋ ይኑራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። እሱ ላይ ካልደረሰ ዘጠና በመቶ ቢሉትም ትታችሁት እለፉ። ኮልስ በአንዳንድ ሳምንታት በየ50 ዶላሩ 10 ዶላር የሚሆን ኩፖን ይሰጣል፤ ኩፖኑ ግን የሚሠራው በኋላ ባሉ የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ተመልሳችሁ የምትገዙት ነገር ከወዲሁ ካለ ጥሩ ገንዘብ ነው። ከሌለ ሌላ ሃምሳ ዶላር የሚያስወጣ ወጥመድ ነው።

አስቀድሞ የተገዛ ልብስ ሲለበስ የመመለሻው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሳቡት፣ ቁልፎቹን ቁጠሩ፣ ስፌቱን በብብትና በእግሮቹ መሐል በኩል ዘርግታችሁ እዩ፣ ነጭ ልብስ ከሆነ አንገቱን ብርሃን ላይ አውጡት። ክሊራንስ ውስጥ ያለ ልብስ በብዙ እጅ የተነካና የተለካ ነው። ታርጌት ካት ኤንድ ጃክ የሚባለውን የራሱን የልጆች ልብስ ደረሰኝ ካለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይመልሳል፤ ለዚህ ዓይነት ግዢ እንደሱ የሚመች የለም። የደረሰኙን ፎቶ አንሱት፣ ወረቀቱ ጽሑፉ ይጠፋል።

እና ስለ ስጦታ። ክርስትና ላይ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን፣ ሰው ሁሉ የሚያመጣው ልብስ እስከ ሦስት ወር ለሆነ ሕፃን ነው። ያ ልብስ ሳምንታት ብቻ ያገለግላል፣ የተወሰነው ታጉ ሳይቆረጥ ይጠባል። ዘመድ ምን ላምጣ ብሎ ከጠየቀ አትሽኮርመሙ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ቁጥር ይሄ ነው ብላችሁ ንገሩት። የሚሰጠውም ሰው ስጦታው ሲለበስ ቢያይ ነው የሚደሰተው። ሳይነገር የመጣውን ደግሞ የስጦታ ደረሰኝ ካለው ቶሎ ሄዳችሁ በዚያው ልብስ ትልቅ ቁጥር ቀይሩት።

ቤት ከገባ በኋላ

የተገዛው ልብስ ካልተገኘ አልተገዛም ማለት ነው። ለየቁጥሩ አንድ ክዳን ያለው ሳጥን አዘጋጁ፣ ከፊት ለፊቱ በወፍራም ማርከር ቁጥሩንና ወቅቱን ጻፉ፦ 4ቲ ሰመር፣ 5 ዊንተር። የልጁን ስም አትጻፉ፤ ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ሳጥኑ ያው ነው። ታጉን አትቁረጡ። ቤዝመንት ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ሳጥኑ መሬት ላይ አይረፍ፤ የዚህ አካባቢ ሰመር እርጥበቱ ከባድ ነው፣ ሻጋታ ያስይዛል። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ በሰመር ይግላል፣ ላስቲክ ያደርቃል። የልጁ ክሎዜት የላይኛው መደርደሪያ ወይም አልጋ ሥር ይሻላል።

በሰዓት መቀየሪያ ቀኖቹ፣ ማለትም በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ፣ ሳጥኖቹን ክፈቱ። ወቅቱም የሚቀየረው ያን ጊዜ አካባቢ ነው። ልጁን አስለኩት፣ የሚሆነውን አውጡ፣ የጎደለውን ዝርዝሩ ላይ ጨምሩ፣ የጠበበውን ለዩ። ይሄን ሳያደርጉ ወደ ክሊራንስ መሄድ ነው አንድ ቤት ውስጥ አሥር ሌጊንግ ኖሮ አንድም ሹራብ እንዳይኖር የሚያደርገው።

ልጁ ሳይለብሰው ያለፈውን ልብስ ታጉ እንዳለ ቶሎ አሳልፋችሁ ስጡ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ሲነሱ በአብዛኛው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል፣ ጥቂት የልጅ ልብስ ማንም ይወስድላችኋል። ስትልኩ ግን የልጁን ዕድሜ ብቻ አትጠይቁ፣ ቁመቱን በሴንቲሜትር ለክተው ይንገሯችሁ። የበረዶ ካፖርትና የበረዶ ሱሪ አዲስ አበባ ላይ አይጠቅምም፣ ኪሎ ብቻ ይበላል። ሹራብ፣ ኮፍያ ያለው ቀለል ያለ ጃኬትና የዝናብ ልብስ ግን ለሐምሌና ለነሐሴ ይፈለጋል። ስለዚህ የልጃችሁን የጸደይ ክሊራንስ ስትገዙ፣ ሜይና ጁን ላይ፣ አገር ቤት ላለው የወንድም ልጅም አንድ የዝናብ ጃኬት አብራችሁ ያዙ፤ ክረምቱ ሳይገባ ይደርስለታል።

ሴት ልጅ ወደ አሥር፣ ወንድ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠጉ ግን ይሄን አካሄድ ቀስ በቀስ ተዉት። እድገቱ በዓመት ከአንድ ቁጥር በላይ መዝለል ይጀምራል፣ መቼ እንደሚጀምርም አይናገርም፣ ምርጫውም የራሳቸው ይሆናል። ያኔ አስቀድማችሁ የምትገዙት ካልሲና ውስጥ ልብስ ብቻ ይሁን፤ ለሌላው ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፍተኛውን ዋጋ ንገሩትና ክሊራንሱ ውስጥ ራሱ ይምረጥ።